የአባይን ቁልቁለት የሚችል ፍሬን፦ ዲስክ፣ ሸራና ዘይት እንዴት ይመረጣል?

ከደጀን እስከ አባይ ድልድይ ያለው መንገድ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚያች ርቀት መኪናው ከ1,300 ሜትር በላይ ይወርዳል። ሰውና ጭነት ይዞ 3,000 ኪሎ የሚመዝን ሚኒባስ ይህን ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 38 ሜጋጁል ያህል ነው። ያው ሚኒባስ በሜዳ ላይ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ቀጥ ብሎ ቢቆም ፍሬኑ የሚውጠው 0.74 ሜጋጁል ብቻ ነው። አንዱን ቁልቁለት መውረድ ማለት ከ80 ወደ ዜሮ ከ50 ጊዜ በላይ መቆም ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ ጥቂቱን ጎማውና ነፋሱ ይወስዱታል፤ በትክክለኛው ማርሽ ከተወረደ ሞተሩም ብዙውን ይይዛል። የተረፈው በሙሉ ሙቀት ሆኖ ከጎማው ጋር በሚዞረው ዲስክና እሱን ጨምቆ በሚይዘው ሸራ ላይ ያርፋል።

ባህር ዳር ከተማ ውስጥ ብቻ ለሚዞር ቪትዝ የሚበቃ ሸራ ለዚህ መንገድ የማይበቃው ለዚህ ነው። ከእንጅባራ ወደ ቻግኒ ወይም ከቡሬ ተነስቶ በነቀምት መስመር ወደ አባይ ለሚወርድም ጣጣው ተመሳሳይ ነው። መለዋወጫ መደብር ሲገቡ የሚጠየቀው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ «ኦሪጅናል ነው ወይ?» የሚል ነው። መጠየቅ ያለበት ግን ዕቃው ስንት ሙቀት ይይዛል፣ ሙቀቱን በየት በኩል ይለቃል፣ ሲግልስ መያዙን ይቀጥላል ወይ የሚለው ነው።

ዲስኩ

የመኪና ዲስክ የሚሠራው ቶርኖ ቤቶች ጊዛ ከሚሉት ግራጫ ካስት አይረን ነው። ጊዛ ውስጥ ያለው ካርቦን እንደ ስስ ቅጠል ተበትኖ ስለሚቀመጥ ሙቀቱን ከሚሻሸው ገጽ ወደ ውስጥ ቶሎ ያሳልፋል፤ ንዝረትንም ያፍናል። ተራ ብረት ከጊዛ ይልቅ ጠንካራ ቢሆንም ሲይዙት ይጮኻል። የማይዝግ ብረት ሞተር ሳይክል ላይ የሚታየው ዝናብ ስለማያበላሸውና ሞተር ሳይክል ቀላል ስለሆነ ነው። ሙቀት የማሳለፍ አቅሙ ከጊዛው ግማሽ ወይም ከዚያ በታች ስለሆነ ለሚኒባስ አይሆንም። አንዳንድ አምራቾች ካርቦኑን ከፍ አድርገው የሚሠሩት «ሃይ ካርቦን» የተባለ ዲስክ አለ። በሙቀት ቶሎ አይሰነጠቅም፣ የሚንቀጠቀጠውም ያነሰ ነው። የዋጋው ልዩነት ጥቂት ከሆነ ለቁልቁለት እሱ ይመረጣል።

ከማቴሪያሉ ቀጥሎ የሚታየው ክብደቱ ነው። 8 ኪሎ የሚመዝን ዲስክ ላይ 1 ሜጋጁል ቢገባና ጊዜ አግኝቶ ካልቀዘቀዘ 260 ዲግሪ ያህል ይግላል። ያው ሙቀት 5 ኪሎ ዲስክ ላይ ሲገባ ጭማሪው ከ400 ዲግሪ ያልፋል። ስለዚህ ሁለት ዲስክ ለአንድ ዓይነት መኪና ተብሎ ሲቀርብልዎት ሚዛን ላይ ያስቀምጧቸው። ሻጩ ግር ቢለውም ግድ የለም። ስፋታቸው እኩል ሆኖ አንዱ በግማሽ ኪሎ ወይም ከዚያ በላይ ከቀለለ፣ የሚሻሸው ግድግዳ ሳስቷል ወይም በመሃል ያሉት ክንፎች ቀጥነዋል ማለት ነው። ከዓይን ይልቅ ሚዛን ቶሎ ያጋልጣል።

ለከባድ ጭነት በመሃሉ አየር የሚያልፍበት ድርብ ዲስክ ግዴታ ነው። ዲስኩ ሲዞር አየሩን ከመሃል ስቦ በክንፎቹ መካከል ወደ ውጭ ይረጨዋል። ክንፎቹ ቀጥ ያሉ ከሆኑ የግራና የቀኝ ልዩነት የለም። የታጠፉ ከሆኑ ግን ግራና ቀኙ ይለያያል፤ መኪናው ወደ ፊት ሲሄድ የክንፎቹ የውጭ ጫፍ ወደ ኋላ ማዘንበል አለበት። ተገላቢጦሽ ከታሰረ አየሩ ይቀንሳል፣ ዲስኩም ይግላል፤ ከውጭ ሆኖ የሚታይ ምልክት ደግሞ የለውም። ክረምት ላይ ከገጠር መንገድ የተመለሰ መኪና ክንፎቹ መካከል ዋልካ ጭቃ ጠቅጥቆ ይመጣል። ያ ጭቃ ደርቆ ሲጋገር ድርቡ ዲስክ እንደ ነጠላ ይሆናል። ስለዚህ ቸርኬው በወጣ ቁጥር በሽቦ ፈልፍለው ያውጡት።

ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ዲስክ መልኩ ያምራል፤ ለዚህ መንገድ ግን አይመከርም። ቀዳዳው ክብደቱን ይቀንሳል፣ ስንጥቅም የሚጀምረው ከቀዳዳው ጠርዝ ነው። ገጹ ላይ መስመር የተፈለፈለለት ዲስክ ይሻላል፤ ጭቃና ዱቄት ይጠርጋል። ሸራውን ግን ትንሽ ቶሎ ይበላል። በጥቅሉ ወፍራምና ለስላሳ ገጽ ያለው ድርብ ዲስክ ከሁለቱም ይሻላል።

ዝቅተኛው ውፍረት ዲስኩ ጠርዝ ወይም እምብርት ላይ ተቀርጾ ይገኛል። ለምሳሌ አዲሱ 28፣ ዝቅተኛው 26 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይችላል። ከጠርዙ 10 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ገብተው በዙሪያው 8 ቦታ ላይ ማይክሮ ሜትር በተባለው መለኪያ ይለኩ። ተራው መለኪያ ጠርዙ ላይ ያልተበላውን ከንፈር ስለሚይዝ ይዋሻል። በ8ቱ ቦታዎች መካከል ከ0.015 ሚሊ ሜትር በላይ ልዩነት ካለ ፔዳሉ እግር ስር መርገብገብ ይጀምራል። ቶርኖ ቤት ገጹን አስላጭቶ ማስተካከል ይቻላል፤ ከተላጨ በኋላ ግን ከዝቅተኛው ውፍረት በላይ መትረፍ አለበት። የተላጨው እያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ሙቀት የሚይዝ ጊዛ እንደነበረም አይርሱ። ሰማያዊ ነጠብጣብ የወጣበትን ዲስክ ማስላጨት ብዙ አይጠቅምም። ከ650 ዲግሪ በላይ የጋለው ቦታ ወደ ጠንካራ ጊዛ ተቀይሯል፤ ጥንካሬው ከገጹ በታችም ስለሚዘልቅ ከጥቂት ሳምንት በኋላ እንደ ጉብታ ብቅ ይላል።

ሸራው

ሸራ በሦስት ይከፈላል፦ ብረት የሌለው ወይም ያነሰው ለስላሳ ሸራ፣ ከክብደቱ ከ30 እስከ 65 በመቶ የብረት ክርና ዱቄት የሆነው ከፊል ብረት ሸራ፣ ሴራሚክ ሸራ። ሁሉንም አጣብቆ የሚይዘው ሙጫ ነው። ከ300 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ ሙጫው መትነን ይጀምራል፤ በሸራውና በዲስኩ መካከል የገባው ጋዝና የቀለጠ ንጣፍ ሸራውን ያንሸራትተዋል።

ይህ በቁጥር ሲታይ የበለጠ ይገባል። 54 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ፒስተን በ50 ባር ግፊት ሸራውን በ11,400 ኒውተን ገደማ ይጫናል። የሰበቃው መጠን 0.40 ከሆነ ሁለቱ ሸራዎች አንድ ላይ ዲስኩን በ9,200 ኒውተን ገደማ ይይዙታል። ሸራው ከመሃል 11 ሳንቲ ሜትር ርቆ ስለሚያርፍ ጎማው ላይ የሚደርሰው ጠምዛዥ ኃይል 1,000 ኒውተን ሜትር ያህል ነው። ሸራው ግሎ ሰበቃው ወደ 0.20 ከወረደ በዚያው የእግር ጉልበት የሚገኘው 500 ብቻ ነው። ሰፊ ዲስክ የሚጠቅመውም በዚሁ ሒሳብ ነው። ሸራው ከመሃል በራቀ ቁጥር ያው ግፊት የበለጠ ያቆማል፤ ሙቀቱም በሰፊ ገጽ ይበተናል።

ብዙ ሸራዎች ጀርባ ወይም ጎን ላይ ሁለት የላቲን ፊደላት ታትመው ይገኛሉ። የመጀመሪያው በመጠነኛ ሙቀት፣ ሁለተኛው በከፍተኛ ሙቀት ያለውን ሰበቃ ያሳያል። ኢ (E) ከ0.25 እስከ 0.35፣ ኤፍ (F) ከ0.35 እስከ 0.45፣ ጂ (G) ከ0.45 እስከ 0.55 ነው። ቁልቁለት የሚወርድ ሰው ማየት ያለበት ሁለተኛውን ፊደል ነው። «ኤፍ ኤፍ» ሲግልም ያንኑ ያህል ይይዛል፤ «ኤፍ ኢ» ግን ሲግል ይደክማል። ፊደሉ ስለ ሰበቃ ብቻ እንጂ ስለ ሸራው ዕድሜ አይናገርም። ፊደል የሌለውን ሸራ ማንም ምንም ቢምልበት ለአባይ መንገድ አይግዙ።

ለጫነ ሚኒባስና ለፒክአፕ ከፊል ብረት «ኤፍ ኤፍ» ወይም ከዚያ በላይ የሆነው ተመራጭ ነው። ጉድለቱም ይታወቅ፦ ደብረ ማርቆስ ላይ ጠዋት ብርድ ሳለ መጀመሪያ ሲረገጥ ትንሽ ይለግማል፣ ይጮኻል፣ ዲስኩንም ቶሎ ይበላል። ከሁሉም በላይ ብረቱ ሙቀቱን ወደ ፒስተኑና ወደ ዘይቱ ያሳልፋል። ስለዚህ ከፊል ብረት ሸራ አስገብቶ አሮጌ ዘይት መተው አደጋውን ከሸራው ወደ ዘይቱ ማዛወር ብቻ ነው። ሴራሚክ ጸጥ ያለና አቧራው ያነሰ ስለሆነ ለከተማ ይስማማል። የኋላው ፍሬን በዲስክ ፋንታ ታምቡር የሆነ መኪና ላይ የፊቱን ብቻ በጣም ከሚይዝ ዓይነት መቀየር ደግሞ ሥራውን ሁሉ ፊት ላይ ይጭናል፤ ኋላው እንዲያግዝ የታምቡሩ ሸራ አብሮ ይስተካከል።

የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ሸራው 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር እስኪቀር ይፈቅድ ይሆናል። 4 ሚሊ ሜትር የቀረው ሸራ ግን ይህን ቁልቁለት ባይወርድ ይመረጣል። ሸራው ሲሳሳ ሙቀት የሚከላከልለት ግድግዳ ስለሚያንስ ዘይቱ ቶሎ ይፈላል።

ካሊፐሩ

ካሊፐር ፒስተኑንና ሸራዎቹን ይዞ ዲስኩን የሚጨምቀው ክፍል ነው። አብዛኛው ቪትዝና ሚኒባስ ላይ ያለው ተንሸራታች ካሊፐር ነው፦ ፒስተኑ በአንድ በኩል ይገፋል፣ አካሉ በሁለት ፒኖች ላይ ተንሸራቶ የዚያኛውን ወገን ይስባል። ቀላልና ርካሽ ነው። ጠላቱ የፒኑ መድረቅ ነው። ፒኑ ከተጣበቀ የውስጡ ሸራ ብቻውን ይሠራል፤ የውስጡ አልቆ የውጭው ገና ሙሉ ሆኖ ይገኛል። ሸራ ሲቀየር አሮጌዎቹን ጎን ለጎን አስቀምጠው ያወዳድሯቸው። በ2 ሚሊ ሜትር ከተለያዩ ወይም አንዱ እንደ ሽብልቅ ከተበላ ፒኑን ሳያስተካክሉ አዲስ ሸራ ማስገባት ገንዘብ ማባከን ነው። ሃይሉክስን በመሰሉ መኪኖች ላይ ያለው ባለ 4 ፒስተን ቋሚ ካሊፐር ሸራውን ከሁለቱም ወገን እኩል ይጫናል፤ ተንሸራታች ፒን የለውም። አንዱ ፒስተን ከዛገ ግን ያንኑ የተንጋደደ አበላል ያመጣል።

ፒኑ የሚቀባው ለፍሬን ተብሎ በተሠራ፣ ሙቀት በሚችል የሲሊኮን ቅባት ነው። ተራው ግራሶ ጎሚኒውን ያሳብጠውና ፒኑን ቆልፎ ይይዘዋል። ብዙ ጋራዥ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ግራሶው ከእጅ አይጠፋማ።

ዘይቱ

የፍሬን ዘይት ከአየር ውሃ ይጠጣል፣ ውሃ በጠጣ ቁጥር ቶሎ ይፈላል። ዶት 3 የተባለው የዘይት ደረጃ አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ 3.7 በመቶ ውሃ ከገባበት በኋላ ዋስትናው 140 ዲግሪ ብቻ ነው። ዶት 4 ከ230 ወደ 155፣ ዶት 5.1 ከ260 ወደ 180 ይወርዳል። ሦስቱም አንድ ቤተሰብ ናቸው፣ ሲቀላቀሉ ጉዳት የለም፤ ዶት 5 ግን ሲሊኮን ስለሆነ ከእነሱ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀልም። ከቁጥሩ ይልቅ ወሳኙ ዕድሜው ነው፦ የሦስት ዓመት ዶት 4 ከአዲስ ዶት 3 ሊያንስ ይችላል። አባይ የሚወርድ መኪና ዶት 4 ይዞ በየዓመቱ ቢያስቀይር ጥሩ ነው፣ ከሁለት ዓመት በላይ ግን መቆየት የለበትም። ተከፍቶ መደርደሪያ ላይ የከረመ ጣሳ ውስጥ ያለው ዘይት እንደ አሮጌ ይቆጠር።

አሁን ስለ ከፍታው አንድ ነገር። ፔዳሉን የሚያቀልልን ሰርቮ የሚሠራው በአየር ግፊት ልዩነት ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር 75 በመቶ ያህል ስለሆነ ሰርቮው የሚጨምረው እገዛም በሩብ ገደማ ይቀንሳል። ከቆላ የመጣ ሹፌር «ፔዳሉ ከበደኝ» ቢል ሁልጊዜ ብልሽት አይደለም። ሞተር አጥፍቶ ወይም በፎሌ፣ ማለትም ያለ ማርሽ፣ መውረድ ግን ሌላ ነገር ነው፦ ሞተር ከጠፋ ሰርቮው ከሁለት ሦስት ርግጫ በኋላ ያልቃል፣ በፎሌ ደግሞ 38ቱ ሜጋጁል በሙሉ ማለት ይቻላል ወደ ፍሬኑ ይሄዳል። በዚያ ላይ ነዳጅ ለመቆጠብ ተብሎ ነው። ኤሌክትሮኒክ ኢንጀክሽን ያለው ሞተር በማርሽ ሲወርድ ነዳጁን ራሱ ይዘጋል፤ ስለዚህ በፎሌ የሚቆጠብ ነገር የለም።

አገጣጠም

የቸርኬውን ዳዶዎች መኪናው መሬት ሳለ አላልተው፣ ለሌሎቹ ጎማዎች ታኮ አድርገው፣ ከዚያ በክሪክ ያንሱ። ካሊፐሩ ሲፈታ በሽቦ ይንጠልጠል፤ በቱቦው ከተንጠለጠለ ቱቦው ውስጡ ይቀደዳል፣ ከውጭ ግን ደህና ይመስላል። አቧራውን በኮምፕሬሰር አይንፉት፣ አንዳንድ አሮጌ ሸራ አስቤስቶስ አለበት፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት።

ዲስኩ የሚቀመጥበትን የሞዞውን ፊት በሽቦ ብሩሽ፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ያጽዱ። ለአዲስ ዲስክ መንቀጥቀጥ ትልቁ ምክንያት ይህችን አለመሥራት ነው። እዚያ ላይ የቀረች ቅንጣት ዝገት ጠርዙ ላይ ስትደርስ ሰፍታ ዲስኩን ታወዛውዘዋለች። ውዝዋዜው ከ0.05 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። ዲስኩን በሁሉም ዳዶ አስረው በዳያል መለኪያ አንድ ዙር ያዙሩት፤ ከበለጠ ፈትተው አንድ ቀዳዳ አዙረው ደግመው ይለኩ። ብዙ ጊዜ በዚሁ ይስተካከላል። አዲስ ዲስክ ላይ ያለው የዝገት መከላከያ ዘይት በፍሬን ማጽጃ፣ ከሌለ በሙቅ ውሃና በሳሙና ታጥቦ ይድረቅ። ናፍጣ አይነካው።

ፒስተኑ ከመገፋቱ በፊት የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያው ሞልቶ እንዳይፈስ ይታይ፤ የፈሰሰ ዘይት ቀለም ይልጣል። ሸራው ቦታው ላይ በእጅ መንሸራተት አለበት፤ በመዶሻ የሚገባ ከሆነ ቦታው ዝጓል፣ ይሞረድ። ዘይት ወይም ግራሶ የነካው ሸራ ይጣል፣ በቤንዚን ማጠብ አያድነውም። ሸራም ዲስክም ሲቀየር ግራና ቀኝ አብሮ ነው። ዘይቱ ሲቀየር አንድ ሊትር ያዘጋጁና፣ መጽሐፉ ሌላ ካላለ፣ አየሩን ከፍሬን ፓምፑ ከራቀው ጎማ ጀምረው ያውጡ። ዳዶዎቹን በመስቀል ቅደም ተከተል፣ ቪትዝ ላይ ወደ 100 ኒውተን ሜትር ባለው ኃይል ያጥብቁ። መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግመው ይርገጡ። ይህ ተረስቶ ከጋራዡ ግድግዳ ጋር የተጋጨ መኪና ጥቂት አይደለም።

አዲስ ሸራ ተገጥሞ በማግስቱ አባይ አይወረድም። ከባህር ዳር ወደ መራዊ እንዳለው ዓይነት ሜዳ መንገድ ላይ፣ መኪና በማይበዛበት ሰዓት፣ ከ60 ወደ 10 ኪሎ ሜትር በመካከለኛ ርግጫ 10 ጊዜ ያህል ያቀዝቅዙ፤ በየመካከሉ 30 ሰከንድ ይንዱ። ሙሉ በሙሉ አይቁሙ፤ ግሎ የቆመ ሸራ ቅርጹን ዲስኩ ላይ አትሞ ይተዋል። ከዚያ ፍሬን ሳይነኩ 10 ደቂቃ ያህል እየነዱ ያብርዱት።

ቁልቁለቱ ላይ

ደጀን ላይ ቁልቁለቱ ሳይጀመር ወደ 2ኛ ማርሽ ይግቡ፤ ጭነት ከበዛ ወደ 1ኛ። አውቶማቲኩ ዝቅተኛው ቦታ ላይ ይደረግ። ፍሬኑን ለረጅም ጊዜ በስሱ ከመጎተት፣ ፍጥነቱ 40 ሲያልፍ ከ3 እስከ 5 ሰከንድ ረገጥ አድርጎ ወደ 30 ማውረድና ሙሉ በሙሉ መልቀቅ ይሻላል። ኤሌክትሪክ መኪና ያላቸው ደግሞ ቁልቁለቱ አፍ ላይ ባትሪውን 100 በመቶ ሞልተው አይነሱ። የሞላ ባትሪ መልሶ የሚመጣውን ኃይል አይቀበልም፣ ስለዚህ ሥራው ሁሉ ወደ ሸራው ይዞራል። 1,800 ኪሎ የሚመዝን መኪና በዚህ ቁልቁለት የሚለቀው እስከ 6.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ በ80 በመቶ ከተነሱ ቦታ ይኖረዋል።

ፍሬኑ ሲደክም ፔዳሉ ራሱ ይናገራል። ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ መኪናው ካልያዘ የጋለው ሸራው ነው። ማርሽ ቀንሰው፣ ቦታ ሲያገኙ ቆመው ያብርዱት። ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ሆኖ ወደ ታች ከሰጠመ ግን ዘይቱ ፈልቷል። ቶሎ ቶሎ ደጋግመው ይርገጡ፣ ማርሽ ይቀንሱ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ ይሳቡ፣ መኪናውን ወደ ተራራው ወገን ያስጠጉ። ሲቆም ረዳቱ ታኮ ያድርግ፤ የጋለ ዲስክ ላይ ፔዳል ረግጦ መቆየትም፣ የእጅ ፍሬን ብቻ ማመንም አይገባም። ውሃ አይደፋበት፤ የጋለ ጊዛ ውሃ ሲነካው ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ይቆይ።

ከቀዘቀዘ በኋላ ፔዳሉ እንደገና ይጠነክራል፣ ብዙ ሰው የሚታለለውም ያኔ ነው። እንፋሎቱ ተመልሶ ፈሳሽ ሆነ እንጂ ውሃው አልወጣም። ድልድዩን ተሻግሮ ጎሃ ጽዮን መውጣት ይቻል ይሆናል፣ ዳገት ፍሬን አይፈልግምና። መልሱ ላይ ግን ያው ቁልቁለት ከዚያኛው ወገን ይጠብቃል፤ ስለዚህ ዘይቱ ከመመለስ በፊት ተቀይሮ፣ ሸራውም ወጥቶ ይታይ። ገጹ እንደ መስታወት ካብለጨለጨ ወይም ጠርዙ ከተፈረፈረ እሱም አብሮ ይቀየር።